እንደሌለች ስለተረጋገጠችው ይብራ

ለወንዝ ዳርቻ ጽዳትና ማስዋብ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት
ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ
የካ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ ሙሉ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለወንበርዎም ጽናትን አጥብቄ እመኛለሁ። እኛ የወንዙ ጎረቤቶች እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አቧራችሁም ደኅና ነው፤ በየቀኑ ቤታችን እየገባ ይጠይቀናል።

እኔ ወርቅአየሁ እባላለሁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስንቱ አለቃ ሲሾም ሲሻር ደብዳቤ ስተይብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከሲግናል ሰፈር ሽቅብ፣ ወንዙ ከእንጦጦ ወርዶ ረግረግ ከሚሠራበት ዳር የምኖር ሴት ነኝ። ለአለቃ እንዴት እንደሚጻፍ አይጠፋኝምና ቅሬታዬን ከነምስጋናው እንደ ወጉ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ወንዙን ለማጽዳት በመነሣታችሁ አመሰግናለሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ የላስቲኩ ክምርና የሞተ ውሻው ሽታ አንገፍግፎን ነበር። ሆኖም ላስቲኩ እዚያው እንዳለ ንጹሕ የነበረው ረግረግ በድንጋይና በቀይ አፈር መሞላት በመጀመሩ፣ ፊቱን ሊታጠብ ገብቶ ጫማውን አጥቦ የወጣ ሰው ያየሁ ያህል ግር ብሎኛል።

2ኛ. ግንባታው የዱር እንስሳትን እንዳይጎዳ አስቀድማችሁ አጥኚ ስለላካችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። አጥኚው አቶ ማቲዎስ እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው። የመጡት ግን በፕሮጀክቱ ማስጀመሪያ በዓል ዋዜማ፣ በቀትር፣ በአንድ ወገን የድምፅ ማጉያ ሲሞከር በሌላ ወገን ኤክስካቫተሩ ሲያጓራ ነበርና፣ ረግረጉን አስፋልት ላይ ቆመው ተመለከቱት። እኛ ይብራ የምንላቸው ሁለት የውሃ ወፎች ቄጠማው መሐል ጎጆ እንዳላቸው፣ ማለዳ ቢመጡ ደግሞ ወጥተው ሣር ሲግጡ እንደሚያገኟቸው በትሕትና ብነግራቸው፣ የመስክ መኪናው የተፈቀደላቸው ለዚያች ቀን ብቻ መሆኑን በዚያው ትሕትና ገለጹልኝ። ሪፖርታቸውም «የዱር እንስሳ አልታየም» አለ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ጩኸት እኔም ከቤቴ የወጣሁት እሳቸውን ላናግር ብዬ ነው።

3ኛ. በማግሥቱ ድንኳኑ ተተክሎ እንግዶች ሲገቡ ወለሉ ጭቃ ሆኖ ተገኘ። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነና፣ አስተባባሪዎችዎ ቄጠማ ለመግዛት ሾላ ገበያ ሰው ከመላክ እዚያው ያለውን የረግረጉን ቄጠማ አሳጭደው ለእንግዶቹ እግር ጎዘጎዙት። ወይ ጉድ! ቄጠማ ሸጣ የምታድረው ጎረቤቴ አሳየች እንኳ፣ የበዓል ዋዜማ ገበያ ሲያጣድፋት ዳር ዳሩን አጭዳ መሐሉን ለወፎቹ ትተወው ነበር። እርስዎ በዚያ ጉዝጓዝ ላይ ቆመው ስለ ረግረግ መሬት ጥቅም ያደረጉት ንግግር ግሩም ነበር፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ድንኳኑ ሲነሣ ከጉዝጓዙ መሐል የእንቁላል ቅርፊት ለቅሜያለሁ። ለእንግዶቹ ቁርስ ከቀረበው እንዳልሆነ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቻለሁ። ባለቤቴ አርፎ ልጆቼም በየትዳራቸው ከሄዱ ወዲህ፣ ማለዳ ስነቃ ብቻዬን እንዳልሆንኩ የሚነግረኝ የእነዚያ የሁለት ወፎች ድምፅ ነበር። ከበዓላችሁ ወዲህ ግቢዬ ጭር ብሏል። አዝኛለሁ፤ መናደዴንም አልደብቅዎትም። ከረግረጉ የተረፈችው አንዲት ቁራሽ ናት፤ እሷንም ድንጋይ ልታለብሷት እንዳቀዳችሁ ሰምቻለሁ። ልመናዬ አንድ ነው፤ ላስቲኩን ልቀሙ፣ ረግረጓን ተዉልን።

ጆሮዎ ሥራ ባይፈታም ለአንዲት ጡረተኛ ያህል እንደማያጣ ተስፋ በማድረግ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ወደፊት ለሚያፈርሱልንም ሁሉ ምስጋናዬን በቅድሚያ እያቀረብኩ፣

አክባሪዎ
ወርቅአየሁ፣ ከወንዙ ዳር

ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፦ ከበዓሉ ማግሥት ጀምሮ ኤክስካቫተራችሁ ነዳጅ እስኪመጣለት ተብሎ ረግረጓ አፍ ላይ ቆሟል። ከድንኳኑ የተነሣውንም ቄጠማ ሠራተኞቻችሁ በማሽኑ ትልቅ አካፋ ውስጥ ጥለውት ሄደዋል። ዛሬ ማለዳ የማውቀውን ድምፅ ሰምቼ ብወጣ፣ ይብራዋ እዚያው አካፋ ውስጥ፣ ቄጠማዋ ላይ፣ አዲስ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ባሏም ጎማው ሥር ዘብ ቆሟል፤ ነዳጅ ይዞ የመጣውን ሾፌር እያባረረ አላስጠጋ ብሎታል። ስለዚህ ማሽኑ እንዲነሣ ከማዘዝዎ በፊት አቶ ማቲዎስን ከነሪፖርታቸው ቢልኩልንና ቢያነቡላት መልካም ነው። እንደሌለች እስካሁን የነገራት የለም።