የማዳም ሱሄር ዓረብኛ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ቤቷ እየሄድኩ የምጦራት አዲስ ደንበኛ ተሰጠችኝ። ኖርስቦሪ፣ ስቶክሆልም ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ። ማዳም ሱሄር የምትባል የካይሮ ሴት፣ ሰማንያውን ያለፈች። ቁርስ፣ መድኃኒት፣ ገላ ማጠብ... እንደ ማንኛዋም አሮጊት። ዛሬ የግብፅ ጦር የስዊዝን ካናል የተሻገረበት በዓል ነው ብላ ሊፒስቲክ ተቀብታ ጠበቀችኝ።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ በስዊድንኛ፦ "ሐበሻ ነሽ? ዓረብኛ ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

ለምን ዋሸሁ? ካይሮ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ ስደተኛ ሆኜ፣ ወረቀቴ እስኪመጣ። የእነሱ ብርጭቆ ሌላ፣ የኔ ብርጭቆ ሌላ። ሊፍቱ ባዶውን ሲወርድ እኔ ቆሻሻ ተሸክሜ በጓሮ በኩል፣ በብረቱ ደረጃ። ዓረብኛ ለኔ ትእዛዝ ነው። አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጥረጊ። ስቶክሆልም ስገባ ጣልኩት።

እሷ እቴ፣ ስልክ አንስታ አሌክሳንድሪያ ላለው የወንድሟ ልጅ በዓረብኛ፦ "ሐበሻ ልከውልኛል። ጥቁር ናት፣ ግን ንጹሕ።"

ሰሃን እያጠብኩ ነበር። አጥቤ ጨረስኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

የታሪክ አስተማሪ ነበረች ለካ። ጀርባዋን ሳሽላት ታስተምረኛለች። አባቷ ተራ ጸሐፊ ነበር። ንጉሡ ተባሮ፣ እንግሊዞቹ ወጥተው፣ ግሪኮች ትተውት የሄዱት አፓርታማ ደረሰው። "ሳህኑ እንኳ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደተደረደረ ነበር" ትላለች እየሳቀች። "አገሩ የእኛ ሆነ።" የእነማን? እዚያው ቤት ወለል የምትወለውል የአሥር ዓመት የገጠር ልጅ ነበረቻቸው። ስሟን ብጠይቃት ረስታዋለች።

ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን ትንሽ ሰማያዊ ሐውልትም አሳየችኝ። በጥንት ግብፅ ሀብታም ሲሞት አብሮት የሚቀበር የአገልጋይ ምስል ነው አለች። ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ ይቀበርለታል። በላያቸው ደግሞ ጅራፍ የያዙ አለቆች። "ታዲያ ወዲያኛው ዓለም ማን ይሥራለት?" ትላለች። መቃብር ውስጥም ጅራፍ... እሷ ደስ ብሏት ነው የምታወራው። እኔ አናቴ ጨሰ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ዛሬ ደግሞ በስልክ፦ "እንደ ድሮዎቹ ሠራተኞች ናት። አትከራከርም።"

ሻይዋ ላይ ልተፋበት ነበር። አልተፋሁም። ስኳር ነሳኋት። አራት ማንኪያ የምትጨምር ሴት መራራውን እስከ ጭላጩ ጠጣችው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ስትሮክ። ሁዲንጌ ሆስፒታል ተኝታለች። ደነገጥኩ? ትንሽ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ቤቷ ተመለሰች። አንድ እግሯን ትጎትታለች። ስዊድንኛዋ ግን ብን ብሎ ጠፍቷል። ያን ሁሉ ዓመት የተናገረችው! የቀራት ዓረብኛዋ ነው፤ እሱ ጥርት ያለ፣ ነገሩ ሁሉ በቦታው። አእምሮዋ ምንም አልሆነም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ ሠራተኞች "ትቀባጥራለች" ይላሉ።

ውሃ ጠየቀችኝ። ወተት ሰጠኋት። ደግማ ጠየቀች። ዳቦ ሰጠኋት። እንባዋ መጣ። እኔ ካይሮ ስንቴ አልቅሻለሁ? ማን አየልኝ?

በመጨረሻ ውሃውን ሰጠኋት። አውሬ አይደለሁም።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ከኮሚዩን፣ ከከተማው አስተዳደር፣ አንዲት ሴት መጣች። ማዳም ቤቷ ትቆይ ወይስ አረጋውያን ቤት ትግባ፣ ያንን ለመወሰን። ቶልኩ፣ አስተርጓሚው፣ በስልክ ሊተረጉም ነበር፤ መስመሩ ተቆረጠ፣ በዚያው ቀረ። ማዳም ግን ትናገራለች። "ከቤቴ አታውጡኝ። ራሴን አውቃለሁ፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ይህች ልጅ እየመጣችልኝ እዚሁ ልሙት።" የምታየው ሴትዮዋን አይደለም። እኔን ነው።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞረች። "የምትለው ይገባሻል?"

"አይገባኝም።"

"ግራ የተጋባች ትመስልሻለች?"

"አንዳንዴ... አዎ።"

ማዳም ዓይኗን ከኔ ላይ ነቀለች።

ባቡር ላይ ለሥራ ባልደረባዬ ለተጂቱ ነገርኳት። "ብርቄ፣ ይሄ እኮ ግፍ ነው!"

"በኔ ላይ የተሠራውስ?"

"እሷ ናት የሠራችብሽ?"

እሷም ያው ናት አልኩ። ያው ናት? ግን ማታ ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 18

ነገ ጥምቀት ነው፤ ሰው ሁሉ ለከተራ ወጥቷል። እኔ ማዳምን ወዳስገቧት አረጋውያን ቤት ሄድኩ። ልጠይቃት አይደለም። እውነቱን ነግሬያት ፊቷን ለማየት ነው። ክፉ ነኝ? ነኝ መሰለኝ።

መስኮት አጠገብ አስቀምጠዋታል። ከስታለች። ከገባች ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችም አሉኝ። "ጸጥተኛ፣ የማታስቸግር" እያሉ ያመሰግኗታል። ጆሮዋ ሥር ጠጋ አልኩ። ዓረብኛው ምላሴ ላይ ተንቀረፈፈብኝ፣ ግን ወጣ። "ዓረብኛ እችላለሁ። ያን ቀን የተናገሩት ሁሉ ገብቶኝ ነበር።"

አልደነገጠችም።

"አውቃለሁ" አለች። "በስልክ ቀልድ ስናገር ከኩሽና ስትስቂ እሰማሽ ነበር።"

ስቄ ነበር እንዴ? ... ስቄያለሁ። ቀልዷ ያስቃል።

"ታዲያ ለምን አላጋለጡኝም?"

"በየትኛው ቋንቋ?"

ያን ቀን ዓይን ዓይኔን ያየችኝ እያወቀች ነው ማለት ነው። እየገባኝ እንደካድኳት እያወቀች። ክንዴን ያዘች። "ያለፈው አለፈ። አሁን ንገሪያቸው። እብድ አይደለችም፣ ሁሉን ታውቃለች በያቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

በሩ ተከፈተ። ተንከባካቢዋ ልጅ ናት፣ ፊቷ በርቷል። "ስታወራ ሰማኋት! ምን አለች? ገባሽ?"

ብናገር የዲሴምበሩ ውሸቴ ይወጣል። ሥራዬም አብሮ ይሄዳል። ያኔ ለበቀል ነበር የዋሸሁት። ዛሬ ለእንጀራዬ።

"ምንም አልገባኝም" አልኩ።

ማዳም ስዊድንኛ ጠፍቶባት የለ? ይቺ ግን ገባቻት። ክንዴን ለቀቀችና ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። ልጅቷም ምኑንም ሳታውቅ አብራ ሳቀች። ኮቴን ይዤ ወጣሁ።

"አየሽ፣ አንቺን ስታይ ደስ አላት" አለችኝ ኮሪደሩ ላይ ተከትላኝ። "እባክሽ ቶሎ ቶሎ ነይላት።"