ለቀይዋ ዶሮ እግር የተነጠፈ አሸዋ

ሰኞ፣ ሰኔ 2። ጠዋት 1 ሰዓት።

ለመላው የግቢያችን ነዋሪ፣ ሁለት እግር ላለውም አራት እግር ላለውም፣ ይታወቅ፦ ዛሬ ማለዳ ቀይዋ ዶሮ በግራ እግሯ ማነከስ ጀምራለች።

ጥሬ በተንኩ። ስምንቱ ሮጠው መጡ። እሷ ወደ ኋላ ቀረች። እግሯን በቀይ ጨርቅ አሰርኩላት። ስለ ውለታዬ በመንቁሯ ሁለት ጊዜ ወጋችኝ።

ለባለቤቴ ለዘይነባ (ከዚህ በኋላ ዘ.፣ ቀለም ይቆጠብ) ምክንያቱን አስረዳሁ። ዋልካው ነው። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይዞ አይለቅም። ከላይ የነጠፍነው የማሽላ ገለባ ደግሞ በስብሶ ይሸታል። ለዶሮዋ አሸዋ ያስፈልጋታል አልኩ። ዘ. አሸዋ የለመነች ዶሮ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ይቺ የመጀመሪያዋ ናት አልኳት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3።

ሰዓዳ ደወለች። ልጃችን፤ ኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ ነው ያገባችው። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ትመጣለች። ለጥየቃ አይደለም። የሽቦ ቅርጫት ይዛ ነው፣ ዶሮዎቹን ልትወስድ። የልጅ ልጆቼ ስም እንኳ አውጥተውላቸው ጨርሰዋል።

ልጅቷ እውነት አላት። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ባለፈው ኸሪፍ፣ ክረምቱ እንደገባ፣ ዘ. እንቁላል ልታነሳ ወጥታ ዶሮ ቤቱ በር ላይ ዋልካው አንሸራተታት። ዳሌዋ። እስከ ሰሊጥ አጨዳ አልተነሳችም። ሐኪሙ ምርኩዝ አዘዘላት። ምርኩዙን ዶሮ ቤት ውስጥ አጋድማ ቆጥ አደረገችው። ዛሬም ቀይዋ የምታድረው እሱ ላይ ነው።

ለሷ ሲባል የተደረገ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ግን ደብተሬ፣ ዶሮዎቹ ከሄዱ ዘ. ጠዋት ምን ብላ ትነሳለች? ማንን ትሳደባለች? እኔ ብቻዬን አልበቃትም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5።

ባለ አህያ ጋሪው ኢድሪስ አሸዋ አመጣ። ለግንብ ልስን የሚሆን፣ ደቃቅ፣ እንደ ዱቄት። «ምርጥ ነው፣ ያ ሐጅ» አለኝ። እኔም ሞኙ ምርጥ ነው አልኩ። አነጠፍኩ። ዶሮዎቹ ጫሩት። አቧራው ግቢውን ሞላው። ዶሮ ሲያስነጥስ ሰምተህ ታውቃለህ? ዘጠኙም በተራ።

ክረምቱን ልሞክር ብዬ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ገንፎ ሆነ። ዋልካው ከሥር እየዋጠው።

ዘ. በሩ ላይ ቆማ ቅቤው የታለ ብላ ጠየቀች።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7። ማታ፣ ከመግሪብ በኋላ።

ወገቤ የለም። ያገኘው ይመልስልኝ።

ጋሪው ላይ ወጥቼ ኾሩ ድረስ ሄድኩ፤ ክረምት ብቻ ውሃ የሚወርድበት ደረቅ ወንዝ ነው። አሸዋውን ራሴ መረጥኩ። ሻካራ፣ ደቃቅ ጠጠር ያለበት። ጨበጥኩ፣ ለቀቅኩ። መዳፌ ላይ አልቀረም። አርባ ዓመት ሰሊጥ በእጁ የመረመረን ሰው አሸዋ አያታልለውም። (ሐሙስ አይቆጠርም።)

ኢድሪስ ለዶሮ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማው። እስኪያስለው ሳቀ። «ያ ሐጅ፣ እንግዲያው ለአህያዬም ፍራሽ ግዛላት» አለ። እሷስ ቆማ እየሠራች ነው፣ ፍራሹ ለአንተ ነው የሚያስፈልገው አልኩት። ከዚያ በኋላ አካፋውን በደንብ ያዘ።

ከሱቅ ዘመኔ የቀሩ የሰሊጥ ጆንያዎች ነበሩኝ። ዘ. ጣላቸው፣ አቃጥላቸው ስትለኝ የኖረች። እጥፍ አድርጌ ዋልካው ላይ ዘረጋኋቸው፣ አሸዋውን እንዳይውጠው። ከላይ አንድ ስንዝር አሸዋ። ዶሮ ቤቱ ውስጥ። አጥራቸው ውስጥ። ከዚያም ግቢውን አቋርጦ እስከ መኝታ ቤታችን ደፍ።

ዘ.፦ «ዶሮዋ ከእኛ ጋር ልታድር ነው እንዴ?»

ሕመምተኛ መንሸራሸሪያ ያስፈልጋታል አልኩ። ቀጥ ብዬ። ፊቴን ሳላበላሽ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9።

ሽታው ጠፋ። ኩሱ አሸዋው ላይ ደርቆ ያድራል። ዓይኑ ሰፊ የሆነውን የሰሊጥ ወንፊቴን አወረድኩ። አሸዋው ያልፋል፣ ኩሱ ይቀራል። ዶሮዎቹ ሆዳቸውን ቀብረው ይንከባለላሉ፣ እንደ ሹም ዓይናቸውን ጨፍነው።

ዘ. ልትስቅብኝ መጣች። ትንሽ አየች። አነፋፌ አያምርም ብላ ወንፊቱን ነጠቀችኝ። ከአርባ ዓመት ነጋዴ እጅ። ቆማ ነፋች። እግሯ አሸዋው ላይ አልተንቀጠቀጠም። ሰማይ ሰማይ አየሁ። ደመና እየተሰበሰበ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11።

ሰዓዳ አንድ ቀን ቀድማ መጣች፣ ከነቅርጫቷ። ግቢውን ዞረች። አሸተተች። ምንም ያልሸታት ሰው አሸታተት። ከዚያ ቀይዋን አነሳቻት።

«አባ፣ በላክልኝ ፎቶ ላይ ጨርቁ ግራ እግሯ ላይ ነበር። አሁን ቀኝ ላይ ነው።»

በሽታው ተሻገረ አልኩ።

ሰዓዳ ሳቀች። ዘ. ግን አልሳቀችም። መጀመሪያ እኔን አየች። ከዚያ ዶሮዋን። ከዚያ አሸዋውን፣ ከአጥሩ ጀምራ እስከ ደፋችን። ወደ ቤት ገባች።

ፈራሁ ደብተሬ። ነገሩ ከገባት አሸዋውን በአካፋ ታወጣዋለች። ምርኩዙ ምን እንደሆነ ታውቃለህ።

ሰዓዳ ፍርዷን ሰጠች፦ ዝናቡ እስኪመጣ ትጠብቃለች። እናቷ በዝናብ ወጥታ ከተንገዳገደች፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ ዶሮዎቹ ቂርባ ናቸው።

ዓርብ፣ ሰኔ 13። ጠዋት 2 ሰዓት።

ዝናቡ ጎህ ሲቀድ ወረደ። አሁን አባርቷል። ከውጭ በር ማዶ መንገዱ ጥቁር ሊጥ ነው። የአንድ ሰው ነጠላ ጫማ መሐሉ ላይ ተውጦ ቀርቷል፣ ባለቤቱ የለም።

ዘ. ደፉ ላይ ናት። ሰዓዳ ክንዷን ልትይዝ ተነሳች። ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት። እኔም የምጽፈው እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው።

ቁልቁል አየች። ዘ.፣ ማለቴ። አሸዋውን። ረጅም ጊዜ።

ጫማዋን አወለቀች። አንድ እግር። ከሽ። ሌላው። ከሽ። ውሃው ወደ ታች ሰርጓል፣ አሸዋው እንደያዘ ነው። አልቸኮለችም። ምንም አልያዘችም። ደረሰች። ጎንበስ ብላ ገባች።

ቀይዋን ስትሳደብ ይሰማኛል። አልሐምዱሊላህ።

ሁለት እንቁላል በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ተመለሰች። የሰዓዳን ቅርጫት ከፍታ አስቀመጠቻቸው፣ ጭድ ጎዝጉዛ። ለልጆቹ ነው፣ ለነዚህ ስም ያውጡ አለች።

ያው ቀን፣ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት።

ሰዓዳ ሄደች። ዶሮዎቹ ቀሩ፤ ዘጠኝ።

ከጁምዓ ስመለስ ትራሴ ላይ ቀይ ጨርቅ አገኘሁ። ታጥቦ፣ በአራት ታጥፎ። ዘ. ወጥ ቤት ናት። አሸዋው በቦታው አለ፤ እንዲያውም የጎደለው ጋ ተሞልቷል። በእኔ አካፋ አይደለም።

ደብተሬ፣ ይቅርታህን። አንተንም የዋሸሁህ ዘ. እንደምታነብህ ስለማውቅ ነው፤ ገጽህ ላይ ሁልጊዜ የዱቄት ጣት አሻራ ትተዋለች። ዛሬ ወሰንኩ፣ ተከፍተህ ታድራለህ።

እንግዲህ ዘይነባ፣ ገንፎው እውነት ነው። የኢድሪስ ፍራሽ እውነት ነው። ወገቤም እውነት ነው፣ ዛሬም አላገኘሁትም። ቀይዋ ዶሮ ግን በዕድሜዋ አንድም ቀን አንክሳ አታውቅም።