የጥርሴ መግልና የደሜ ቁጥር

ውዷ ባለቤቴ አስካለ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ መልስ በማይመጣበት ነገር ጊዜ ማጥፋት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። የምነግርሽ ግን አለኝ። ሐሙስ ጠዋት የሽንት ፊኛዬን ሊያወጡት ነው።

ኮልፌ ያው ነው፣ ጭቃውም ያው። የበራችንን መንገድ ቆፍረው ትተውታል። ልጃችን ሰብለ የሳንሱሲውን ኪራይ ቤቷን ለቃ ከእኔ ጋር ገብታለች። ሶፋሽን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ተቆጥቻት ነበር፤ አሁን ግን እዚያው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ሽንቴ ቀላ። ለማንም አልተናገርኩም። ውኃ በጠፋበት ቀን ሰብለ መታጠቢያ ቤት ገብታ አየችው። አልጮኸችም፤ ጫማዬን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች፣ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ያንቺው በሽታ፣ የፊኛ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፤ ሳይዛመት ፊኛው ይውጣ አለች፣ ደምም አስወሰደችኝ። ባንቺ ጊዜ የነገሩንን ታስታውሻለሽ፦ ኒውትሮፊልና ሊምፎሳይት የሚባሉ ሁለት ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች አሉ፣ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ቁጥሩ ከፍ ካለ በሽታው ብዙ ጊዜ ይከፋል። ስለሱ የተጻፈውን፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ዓይኔ እስኪደክም አጥንቼዋለሁ። ውጤቴን ስቀበል ራሴ አካፈልኩት። ካንቺም በለጠ።

አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ዘይቱን አይቼ ብቻ ሞተሩ አበቃለት ስል ነው የኖርኩት። የራሴንም እንደዚያው ፈረድኩና ፊኛዬን አላስቆርጥም አልኩ። ሰብለ ከቸርች ጓደኞቿን ጠርታ አስጸለየችልኝ። ጎረቤታችን ደሳለኝ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የተበላሸ መኪና ሲመጣልህ ወስደህ ቅበረው ትል ነበር እንዴ?» ብሎ ዘለፈኝ።

ከዚያ ሰብለ በአንድ ጎኔ ብቻ ሳኝክ ያዘችኝ። የኋላ ጥርሴ መግል ቋጥሮ ነበር። ደም የሰጠሁ ቀንም ቅርንፉድ ነክሼበት ነው የሄድኩት። ፊኛዬን ለሚያዩ ሰዎች ጥርሴን ምን ብዬ ልንገራቸው? እሷ ግን ተደብቃ ደወለችላቸው። ዶክተሯ አስጠራችኝና፣ «አባባ፣ መግል ካለ ነጭ የደም ሴል አይበዛም እንዴ? ያን ሁሉ አንብበው ይቺን እንዴት ዘለሏት?» አለችኝ። ተጽፎ ነበር። ቁስል ወይም ትኩሳት ካለ ቁጥሩ አይታመንም ይላል። አንብቤው አልፌዋለሁ፤ ጥርስ ከቁስል የሚቆጠር አልመሰለኝም።

ጥርሱ ተነቀለ። ሲሰነብት ደሜ እንደገና ታየ። ቁጥሩ ወርዷል፤ ግን ጤነኛ ሰው ያለበት አልደረሰም። ታዲያ ምን ማለት ነው ብዬ ዶክተሯን አፋጠጥኳት። ምልክት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፣ ከብዙ ሰው የተገኘ ነገር እርስዎ ምን እንደሚሆኑ አይነግረኝም፣ የሚወጣው ሥጋ ሲመረመር የተሻለ እናውቃለን አለች። ይህን ለመስማት ነው እንግዲህ ጥርሴን የሰጠሁት።

እሺ አልኩ። ፈርቻለሁ፤ ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው። ከእንግዲህ ሽንቴ ሆዴ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይወርዳል። ሰብለ አቀያየሩን ተምራ መጥታለች። እኔን ልታስተምረኝ ስትቀመጥ ከረጢቱን ገልብጣ ትይዘዋለች፣ እኔም እንዳላየ ሆኜ እማራለሁ።

አስካለ፣ ከሞትሽ ጀምሮ ሳስብሽ ቀድሞ የሚመጣብኝ የመጨረሻው የደም ውጤትሽ ነበር። ያ ወረቀት ስላንቺ ምንም አያውቅም። ሐሙስ ሲያደነዝዙኝ የማስበው ሌላ ነው። ጋራዥ ድረስ ምሳ ይዘሽ መጣሽ፣ እጄ ግሪስ ስለነበር ጎማ ላይ አስቀምጠሽ አጎረስሽኝ። የጋራዡ ልጆች ሲስቁብኝ፣ «ምን ያስቃችኋል፣ ይሄን አፍ እኔ ካልዘጋሁት ማን ይዘጋዋል?» አልሻቸው።

ከተነሳሁ ከረጢቴን ይዤ መቃብርሽ ድረስ እመጣለሁ። ባልነሳም ነገሩ እንዳይረሳ ብዬ ዛሬ ያን የጋራዡን ጨዋታሽን ለሰብለ ነገርኳት። ስንት ጊዜ ሳትስቅ የቆየች ልጅ ሶፋው ላይ ተንከባልላ ሳቀች።

ባልሽ