ጋሽ ጠጋበሉና የወንድማቸው ሰፊ ሌንስ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ጠጋበሉ እያለ የሚጠራቸው ፎቶ አንሺ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ታናሽ ወንድማቸው ተከተለ። እናታቸው ሲያወሩ እንደሰማነው፣ ጡት ያስጣላቸውን ያን ጨቅላ ገና ያኔ በክፉ ዓይን ያዩት ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ ቅናታቸውን እሳቸውም ደብቀውት አያውቁም።

እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በአንድ የጉርድ ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። በ1969 ዓ.ም. የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ፤ ነርስ ከነበሩት ጎረቤታቸው ጋርም ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ለታናሽ ወንድማቸው ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እሱም በቃኝ ሲል መንገዱን ተሻገረና ፊት ለፊታቸው የራሱን ከፈተ። አይ ወንድም!

ጠጋበሉ የተባሉት ሌንሳቸው ጠባብ ስለነበር ነው። የቤተሰብ ፎቶ ሲያነሱ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» እያሉ ሰዉን ይደራርቡታል፤ እንዲያም ሆኖ የዳር ሰው ትከሻ ይቆረጣል። በ1990 ዓ.ም. ታላቋ ልጃቸው ልታገባ ሆነ። እናታቸው አርጅተው ነበርና፣ ጋሽ ጠጋበሉ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ከእሳቸው ጋር በአንድ ፎቶ ለማስቀረት ቆርጠው ተነሡ። ትልቅ ፊልም ለሚጎርሰው ካሜራቸው ሰፊ ሌንስ ፍለጋ ካሜራ ሻጩ ዘንድ ተመላለሱ። የሌንሱ ቁጥር ባነሰ መጠን አሰፋፍቶ ያያል፤ ልባቸው የወደደው ባለ አርባ ሦስቱን ነበር። ሻጩ ግን ሳያስበው «ካሉኝ ሁለት ባለ አርባ ሦስቶች አንዱን ትናንት ወንድምዎ ወሰደው» አላቸው። «እኔ ደግሞ የእሱ ተከታይ ልሁን?» ብለው ባለ ሃምሳውን ገዙ። ቤት ገብተውም የዳር ሰው ፊት የማይለጥጠው ይኸኛው ነው እያሉ ሰበኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

የሠርጉ ዕለት ታናሹ ያን ባለ አርባ ሦስቱን ሌንስ ሰክቶ መጣ። ቤተሰቡ ተሰለፈ፤ አያቲቱ መሐል ተቀመጡ። ባለታሪካችን እንዳይቀደሙ ከወንድማቸው ፊት አለፍ ብለው ዳር ላይ ቆሙ፤ ዓይናቸውን ግን ከእሱ ሌንስ መንቀል አቃታቸው። በእነሱ ካሜራ ሰው የሚያየው በሌንሱ ሳይሆን ከላይ በተሰካች ትንሽ መስኮት ነው፤ ሌንሱ ተከድኖም ሁሉ ነገር ወለል ብሎ ይታያል። ክዳኑን ሳያነሱ ፊልሙን ጨረሱት። ሲያጥቡት አንዲት ነፍስ አልነበረችበትም። ለቤተሰቡ «ፊልሙ ተቃጠለ» አሉ። እናታቸው በዓመቱ አረፉ፤ ሁሉም በአንድነት ያሉበት ፎቶ የወንድማቸው ብቻ ሆኖ ቀረ። እሳቸው ግን ያ ፎቶ ደጃቸውን እንዳይረግጥ ከለከሉ፣ ወንድማቸውንም ዘጉት።

በ2014 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸው ፎቶውን አምጡልኝ አሉ። ይዞት የመጣው ራሱ ታናሹ ነው። በማጉያ መነጽር መጀመሪያ እናታቸውን፣ ቀጥሎ ሙሽራዋን አዩ። በመጨረሻ ዳር ላይ ራሳቸውን አገኙ፤ ወደ ወንድማቸው ሌንስ ዞረው ዓይናቸው ፈጥጧል፣ ደረታቸው ላይ ያለው ካሜራ ከነክዳኑ ነው። ወንድማቸው ፎቶውን ካተመበት ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ለማንም አልተነፈሰም።

ማጉያውን አስቀመጡና «ዳር ያለው ሰው ተለጥጧል» አሉ።

«አንተ እኮ ነህ» አላቸው።

አልጋው ላይ ቦታ ለቀቁለትና «ጠጋ በል» አሉት።

ጋሽ ጠጋበሉ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ከአጠገባቸው ያልተነሣው ወንድማቸው ቀርተዋል። ያ ፎቶ በዚህ ጽሑፍ ጀርባ እንዲታተም ያዘዙት እሳቸው ናቸው፤ «ዳሩን እንዳትቆርጡት» ብለውም አደራ ሰጥተዋል። አልቆረጥነውም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ከዳር በማይቆረጥበት ሰፊ ቦታ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።