ባሕሩ ሲሸሽ

ጁላይ 14
ቁርስ ሻይ በማሃምሪ ዳቦ። ትናንት ጠዋት በጀልባ ወደ ቱዶር ባሕር ወርደን ለምርመራ ውሃ ቀድተን ነበር። እንደ ሁሌው ባሕሩ ሲሞላ። ሸሽቶ ሲጎድልማ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ትቀራለች። ውጤቱ ዛሬ ወጣ፦ ንጹሕ። አለቃዬ ኦዱር ወረቀቱን ዳርቻው ላይ ለጠፈው፤ "የአዲስ ዓመት መታጠቢያ ደርሷል፣ ሰው ደስ ይበለው።"
ግን... በእኛ በጠረፍ ሰዎች የጁላይ አዲስ ዓመት ሰው የሚታጠበው ባሕሩ ሲሸሽ አይደል? አሮጊቶቹ መቼ ዋና ይችላሉ? ታዲያ የቱን ውሃ ነው የመረመርነው?

ጁላይ 15
ከሰዓት ባሕሩ ሲሸሽ ቦት ጫማ አጥልቄ በእግሬ ገባሁ። ከላይ ሰፈር የሚወርደው ፍሳሽ ሁሉ እዚያ ተኝቷል። ውሃ ቀድቼ ለካሁ፦ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። አሞኒያው ጣሪያ ነክቷል። ጀርሙ ማብቀያ ሳህኑ ላይ ነገ ይታያል።

ጁላይ 16
ሳህኑ ላይ ጀርም ያልበቀለበት ቦታ የለም። ኦዱር ጋ ሮጥኩ።
"ማን ላከሽ? የእኛ ውጤት ተለጥፏል፣ አለቀ።"
ወረቀቱን እናንሳው ስለው፣ "ከበዓሉ በኋላ።" ከበዓሉ በኋላ ምን ሊሠራ!
ቤት ገብቼ እማን ባሕሩ እንዳትገባ ለመንኳት። ስኳር አለባት፣ የእግሯ ቁስል ገና አልደረቀም። ሴቶቹን እየመራች የምትገባው ደግሞ እሷ።
"ባሕሩን ነጃሳ ልትዪው ነው? አንቺን ያጠብኩሽ በሱ አይደል?"
"እማ፣ ያኔ እኮ..."
"የራስሽ መሥሪያ ቤት ንጹሕ ነው ብሎ ለጥፏል! ማንን ልመን?"


ጁላይ 17
እማ ለነገ ካንጋ ሽርጧን አጥባ አሰጣች። አታናግረኝም። ፈርቻለሁ።

ጁላይ 18፣ አዲስ ዓመት
ጎህ ሲቀድ ባሕሩ ሸሽቷል። ሴቶቹ እየዘፈኑ ወረዱ፣ እማ ከፊት፣ እያነከሰች። ሳህኑን አሳየኋቸው። ጎረቤታችን ቢ ሙኒራ፣ "ምዋናሻ፣ ትምህርትሽ በዓል እንኳ አያውቅም?" ብላ አሳቀቻቸው። እማም ሳቀች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች...
ቀድሜያት ገባሁ። በእፍኜ ቀዳሁ። "ንጹሕ ነው አይደል? በይ ልጉመጥመጥበት!" ወደ አፌ ሳስጠጋው እጄን በጥፊ አለችው።
"ድፊው! አብደሻል እንዴ!"
ከዚያ የራሷን እጅ አየችው። ዘፈኑም ቆመ። እኔ አለቀስኩ።
"መቼ ነው የሚሞላው?" አለችኝ።
"እኩለ ቀን ላይ።"
አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተቀመጡ። ሲሞላ የዓሣ አጥማጆቹን ገመድ ይዘው ታጠቡ። እማ እግሯን አላስነካችም፣ እኔ ራሷ ላይ አፈሰስኩላት።

ጁላይ 21
ኦዱር አኩርፏል። ወረቀቱን ማን እንደገነጠለው ጠየቀኝ... እኔ አይደለሁም። እማን ስጠይቃት ሳቀች።
ነገ ረፋድ ባሕሩ ሲሸሽ ልቀዳ ነው፣ ይቆጣ። ቦት ጫማዬ ታጥቦ በሩ ጋ ቆሟል። እኔ አላጠብኩትም።