ከደጃችን የሞላሁት ፖስታ

ልጄ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ የሚወድሽ ሰው አያሳጣሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፤ አጎትሽ “ነገ እሠራዋለሁ” ማለት ከጀመረ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ጉልበቴም ያው ነው።

ጉልበቴን ካነሣሁ አይቀር ልናገረው። ለጥናትሽ ዋግ የመታው የስንዴ ቅጠል ከዐሥራ ሁለት ማሳ ለቅመሽ ላኪልኝ ብለሽኝ አልነበር? ዳገቱን ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስንፍናም ነበረበት። “ዋግ እንደሆነ ዋግ ነው፣ ምን ይለያያል” ብዬ ሁሉንም ፖስታ ከደጃችን ማሳ ሞላሁና የየጎረቤቱን ስም ጻፍኩበት።

ባለፈው ደውለሽ “እማዬ፣ ፈንገሱ በዐሥራ ሁለቱም ማሳ አንድ ዘር ሆነ! እሱን የሚቋቋም አንድ የስንዴ ዓይነት ለሁሉም ይበቃል” ስትዪኝ “እሰይ” አልኩሽ። ምነው አፌን በቆረጠው! ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቻችንን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ አንቺ የመረጥሽውን ስንዴ የሚዘሩት እነሱ ናቸው።

አሁን ከወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ዱላ ተውሼ፣ እያረፍኩ፣ በአራት ቀን ሁሉንም ማሳ ዞርኩ። ቅጠሎቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ለእኔ ዓይን አሁንም ሁሉም አንድ ናቸው፤ አንቺ እያቸው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለአስተማሪሽ “ፖስታው ተቀላቅሎ ነው” እንዳትዪልኝ። “እናቴ ዋሽታ ነው” በዪ። በልጅነትሽ ስትዋሺ ጆሮሽን የቆነጠጥኩት እኔ ነኝ።

ፈጣሪ በእኔ እንዳትወጪ ያድርግሽ።

እናትሽ