የሻሺቱ ሠርግ ካርድ

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ክረምት ላይ የጀመረዎት የወገብ ሕመም እንዴት አደረገዎት? የእናቴስ ዐይን ተሻላት? እህቴ ሻሺቱ ለሠርጓ ሽር ጉድ እያለች እንደሆነ እገምታለሁ። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ሲቀላ ውስጥ ሙዝ በአይሱዙ መኪና ላይ መጫኔን አላቋረጥኩም፤ ሙቀቱንም ለምጄዋለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ግን በሰላም መንፈስ አልጻፍኩትም። በእርስዎ ፊት ቀና ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም እየጀመርኩ ስቀድ፣ እየቀደድኩ ስጀምር ነው የቆየሁት። ቢሆንም ተቆጥቻለሁ። ቁጣዬን ከአክብሮቴ ጋር አብሬ ልኬልዎታለሁ።

የላኩት የሠርግ ካርድ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ደርሶናል። ከእርስዎና ከእናቴ ስም ዝቅ ብሎ «የሙሽራዋ ወንድም ዶ/ር ሀብተሚካኤል» የሚል በወርቅማ ቀለም ታትሞበታል። ወንድሜ ሀብተሚካኤል ራሱ አነበበውና ሳቀ። ሳቁ ግን ከመሐሉ ተቆረጠ። ካርዱን ለእኔ መልሶ፣ «እዚህ ላይ የተጠራውን ሰው እኔ አላውቀውም፤ እሱ ይሂድላቸው» አለኝ።

አባቴ፣ ሀብተሚካኤል ዶክተር አይደለም። የዶክትሬት ትምህርቱን ጥር ላይ ትቶታል። እስካሁን ያልነገረዎትም እርስዎን ፈርቶ እንጂ ሊያታልልዎት አስቦ አይደለም።

ከአራተኛ ክፍል ያልዘለልክ ሰው ስለ ዶክትሬት ምን አገባህ ይሉኝ ይሆናል። የሚያገባኝ አጠገቡ ስለኖርኩ ነው። ወደዚህ አገር ሲመጣ የነበረውን ሰው ያየሁት እኔ ነኝ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የመስኖ ትምህርት ያስተምራል፤ ተማሪዎቹን ይዞ ጫኖ ቀበሌ ሄዶ በሙዝና በማንጎ ማሳዎች መካከል ከቦይ ቦይ ሲዘል ይውል ነበር። ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ፣ እያፏጨ ይመለሳል። ራት ላይ የሚያወራኝ ስለ ተማሪዎቹ ነው፤ ማን ጥሩ ጥያቄ እንደጠየቀ፣ ማን ውኃ ውስጥ እንደወደቀ። ይህን ደብዳቤ እንዲህ አስተካክዬ መጻፍ የቻልኩትም እሱ ማታ ማታ አስተምሮኝ ነው። ምኞቱ ማስተማር ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ምኞት አልነበረውም። ለእርስዎ ትንሽ መስሎ ታየዎት እንጂ ሰውየውን ያጠግበው ነበር።

እርስዎ ግን በየእሑዱ እየደወሉ የጎረቤት ልጅ ዶክተር መሆኑን ይነግሩት ነበር። ገና ሳይመዘገብ በማኅበር ድግስ ላይ «ዶክተሩ ልጄ» ብለው አወጁ። እሱም እርስዎን ላለማሳፈር ተመዘገበ። የጥናቱን ርዕስ የመረጠው ወድዶት ሳይሆን ቶሎ ያልቃል ስለተባለ ነው። አላለቀም። አዲስ አበባ እየተመላለሰ የጻፈውን ለአማካሪው ይሰጣል፤ አማካሪው አስተካክል ብለው ይመልሱታል። ጨጓራው ታመመ። ተማሪ ቢሮውን ሲያንኳኳ የሌለ መስሎ መቀመጥ ጀመረ። ጫኖ መሄድም ቀረ። የእርስዎን ስልክ ማንሳት ሲተው ወደ እኔ መደወል ጀመሩ፤ እኔ «ሃሎ» ስል «ዶክተር ጨረሰ?» ይላሉ፤ ገና ነው ስልዎት ይዘጉታል።

ትምህርቱ ክፉ ነው አልወጣኝም። ጓደኛው መምህር ኢሳያስ፣ የዚሁ የጋሞ ልጅ፣ እሱም ዶክትሬቱን እየተማረ ነው፤ እንዲያውም ወፍሮበታል። ቤታችን በመጣ ቁጥር፣ «እኔ ምዕራፍ በጨረስኩ ቁጥር ቀበቶ እለውጣለሁ፤ አንተ ደግሞ በቀበቶህ ላይ ቀዳዳ ትጨምራለህ» እያለ ይቀልድበት ነበር። አንድ ቀን ግን ቀልዱን ተወና ለማን እንደሚማር ጠየቀው። ወንድሜ «ለአባቴ ነው» አለው።

ኢሳያስም፣ «እንግዲያው አባትህ ይጻፉት» አለው።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ ትምህርቱን አቋረጠ። በነጋታው ሲያንኮራፋ ሰማሁት፤ እንቅልፍ ቢነሳኝም ደስ አለኝ። ውሎ አድሮ ጭቃ የነካ ሱሪውን እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

ካርድዎ የደረሰው ይህን ጊዜ ነው። አሁን ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃሉ? አማካሪው ዘንድ እየደወለ መልሱኝ እያለ ይለምናል። መጻሕፍቱን ከአልጋ ሥር አውጥቷቸዋል። ያቀረብኩለትን ራት ሳይነካው አነሳለሁ። ግንቦት ላይ ለሚደገስ ሠርግ ዶክተር ሆኖ መድረስ ስለማይችል፣ ፊደል ያስቆጠራትን እህቱን ሳይድር ሊቀር ነው። ለጎረቤት ጆሮ ብለው ያወጡለት ስም የገዛ ልጅዎን ከቤትዎ አስቀረው። ይህ ያስቆጣኛል፤ ብቆጣም አላፍርም።

ስለዚህ ካርዱን እንደገና ያሳትሙት። «የሙሽራዋ ወንድም ሀብተሚካኤል» ማለት ይበቃል። ለጎረቤቱም እርስዎ በአንደበትዎ ይንገሩት። ለወንድሜም ይደውሉለት፤ መቼ ትጨርሳለህ አይበሉት፤ የጫኖ ውኃ ዘንድሮ እንዴት ነው ብለው ይጠይቁት። ያን ጊዜ እጁን ይዤ አመጣዋለሁ። ይህ ካልሆነ እሱን እዚህ ብቻውን ትቼ አልመጣም።

እግዚአብሔር የሻሺቱን ጎጆ በፍቅር ያሙቅላት። ለእናቴ የዐይኗን ብርሃን፣ ለእርስዎም ሁለታችንን መርቀው የሚያሳርፉበት ዕድሜ ይስጥልኝ። ያስቀየምኩዎት እንደሆነ ፊት ለፊት ይቆጡኝ፤ ስልኩን ግን አይዝጉብኝ።

ማተሚያ ቤቱ ቦታ ይጠባል ካለዎት አይጨነቁ። የእኔ ስም እንደ አሁኑ ሳይታተም ይቅር።

አክባሪዎ፣
ታናሹ ወንድ ልጅዎ